ለአዳር ብለን ድሬ ገባን

እኔና ባሌ መኪና ውስጥ ስንሆን የማንስማማው በሁለት ነገር ነው፣ በሚከፈተው ሙዚቃ እና የት እንደር በሚለው። እሱ መንገድ ከጀመረ እስኪደርስ መቆም የማይወድ ሰው ነው፣ ሽንቴ መጣ ስትሉት "ትንሽ ቻሉ ከፊታችን ማደያ አለ" የሚል አይነት፣ እኔ ደግሞ ወርጄ ሻይ ያልጠጣሁበት ከተማ ያለፍኩበት አይመስለኝም። ህዳር ላይ ሐረር ሰርግ ተጠርተን ነበር፣ ሙሽራው የሱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው፣ ሐረሪ ነው፣ የነሱ ሰርግ ደግሞ እንደኛ ቅዳሜ አዳራሽ ገብቶ በማግስቱ መልስ ተብሎ የሚያልቅ አይደለም ቀናት ይፈጃል፣ ስለዚህ ትንሽ ብንዘገይ የሚቀርብን ነገር የለም ብዬ ተሟገትኩ። ሐረርን ሁለታችንም እናውቃታለን። ድሬዳዋን ግን አንዳችንም አናውቃትም፣ ማለቴ በዘፈን እናውቃታለን፣ ድሬን በዘፈን የማያውቅ አለ እንዴ፣ ግን ረግጠናት አናውቅም። "ለአዳር ብቻ" አለኝ፣ "ለአዳር ብቻ" አልኩት።

ሌሊት ነው የወጣነው። እስከ አዳማ ፈጣን መንገዱ ነው፣ እሱ ምንም ወሬ የለውም። ከአዳማ በኋላ ግን ከጅቡቲ የሚመጡት ባለተሳቢዎች መሀል ትገባላችሁ፣ ወደ ሀገር የሚገባው እቃ አብዛኛው በዛ መስመር ስለሆነ ማለቂያ የለውም፣ ባሌ አንዱን ቀድሞ ሳይጨርስ ሌላው ከፊቱ ነው። መተሀራ ላይ በሰቃ ሀይቅ አለ፣ አስፋልቱ ጥግ ድረስ መጥቶ ውሃው ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይልሰዋል። ድሮ ትንሽ ነገር ነበር፣ በኔ እድሜ ያሉ ሰዎች ወላጆች የሚያውቁት በሰቃ እና አሁን ያለው አይገናኙም፣ እየሰፋ እየሰፋ መንገዱንም የባቡር ሀዲዱንም ከፍ አድርገው እንዲሰሩ አስገድዷል፣ ጨዋማ ስለሆነ ደግሞ ለእርሻ አይሆንም። እዛ ጋ ቁም ብዬው አልቆመም። ተመዝግቦልኛል።

አዋሽ ሰባትን ካለፋችሁ በኋላ ከባድ መኪኖቹ ወደ ሚሌ ሲታጠፉ መንገዱ ድንገት የናንተ ይሆናል። ሚኤሶ፣ ከዛ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ ነው አሁን ስሙ፣ እኔ አሰበ ተፈሪ ማለት አልተወኝም) ምሳ በላን፣ ከዛ የጨርጨር ተራራ ይጀምራል። ይሄን መንገድ በደንብ ሳልተኛ ያየሁት ገና አሁን ነው። ገደሉ ሁሉ እርከን ነው፣ ማሽላው ደርሶ ቆሟል፣ በመሀሉ የጫት ተክል በመስመር፣ ከኋላችሁ ደግሞ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ጫት ካረፈደ ዋጋው ስለሚወርድ ሹፌሮቹ የሚነዱት ነፍስ ይዟቸው እንዳልሆነ ነው፣ ዝም ብላችሁ ጥግ ያዙና አሳልፏቸው፣ እልህ ውስጥ አትግቡ። ቁልቢ ገብርኤልን ከመንገዱ ሆኜ ተሳልሜ አለፍኩ፣ ታህሳስ 19 ቢሆን ኖሮ መንገዱም አይታለፍም ነበር።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ሁለት ይከፈላል። ቀጥ ካላችሁ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር፣ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ደግሞ ቁልቁል ወደ ድሬ። ባሌ ጥግ ይዞ ቆመና "እርግጠኛ ነሽ? ሐረር እኮ እዚህች ነች" አለኝ። ወደ ግራ አልኩት።

ቁልቁለቱ አጭር ነው ግን ቀልድ አይደለም። ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ፍሬን ሲቃጠል የሚሸት ሽታ አለ፣ ባሌ በ2ኛ ማርሽ ነው የወረደው። ጆሮዬ ድፍን አለ። ሹራቤን መጀመሪያ አወለቅኩ፣ ከዛ ነጠላዬን፣ ከዛ መስኮት ከፈትን፣ የገባው አየር ሞቃት ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከደጋው ተንደርድራችሁ ነው የምትገቡት፣ ከተማዋ ከላይ ስትታይ ሜዳው ላይ ጠፍጣፋ ሆና ተዘርግታ ከጀርባዋ በረሃው ብቻ ነው ያለው።

ሆቴል የያዝነው በስልክ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ኤሲ አለ ብለውን ነበር። ኤሲው አለ፣ ግድግዳው ላይ ነው፣ አይሰራም። ሪሴፕሽን ያለችውን ልጅ ስጠይቃት እንደቀለድኩ አይነት አየችኝና "ህዳር እኮ ነው፣ ብርድ ገብቷል፣ በኤሲ ምን ታደርጊበታለሽ አቦ" አለችኝ። ስታወራኝ ሹራብ ለብሳለች። እኔ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነው። በኋላ ቬንትሌተር ፈልጋ አመጣችልን፣ ሲሽከረከር የሚጮኸው ጩኸት ባይኖር ጥሩ ነበር።

ማታ ከዚራ ወጣን። ከዚራ ማለት ፈረንሳዮቹ ባቡር ይዘው ሲመጡ የቀየሱት የከተማው ክፍል ነው፣ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ራሱ ብርቅ ነው፣ መሄጃችሁ ከሩቅ ይታያል። ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ፣ ከላይ ተገናኝተው መንገዱን የሸፈኑት አሉ። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ አዲስ አበባም አንዳንድ ግቢ ውስጥ የሚታየው ቀይ አበባ የሚያወጣው ዛፍ፣ በስሙ ከተማ ላይ አበባው ጊዜው አልፎ ቅጠል ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። አሮጌዎቹ ቤቶች ቢጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው፣ የእንጨት መስኮታቸው ቁመቱ በር ያክላል፣ ፎቅ የሆኑት በረንዳ አላቸው። ሰው ግን በረንዳው ላይ አይደለም፣ ውጭ ነው። ወንበር አውጥቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያመሸው። ህፃናት በ3 ሰአት ማታ ኳስ ይጫወታሉ። በዚህ ሰአት ሰፈራችን ውስጥ በር ተቆልፎ ውሻ ተፈቶ ነበር አልኩት ለባሌ፣ እሱ ጭራሽ አይሰማኝም፣ ባጃጅ እየቆጠረ ነው።

ስለ ባጃጆቹ እውነት ለመናገር መኪናችንን ሆቴሉ ግቢ አቁመን በነሱ ነው የተንቀሳቀስነው፣ ርካሽ ናቸው፣ ከተማውም ለነሱ የተሰራ ነው የሚመስለው። ሹፌሩን ቀፊራ ገበያ ውሰደን ስትሉት ወሬውም ዋጋው ውስጥ ነው።

ቀፊራ በጠዋት ነው የሚኬደው፣ ከፀሀዩ በፊት። ከከዚራ ተነስታችሁ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራችሁ መጋላ ገባችሁ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው፣ መንገዱ ጠባብ፣ መስጊድ፣ ጨርቅ ቤት፣ ሳንቡሳ፣ እጣን ሽታ። ገበያው የራሱ የሆነ የድንጋይ በር አለው፣ ቅስት ቅስት ያለው፣ የአረብ ቤት አሰራር። ከገጠር የመጡት የኦሮሞ ሴቶች አትክልቱን ይዘው መሬት ላይ፣ ሶማሌዎቹ ደግሞ ጨርቁና የግመል ወተቱ ጋ፣ ቋንቋው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለው በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አንዷ ሻጭ ለአንደኛዋ ደንበኛ በኦሮምኛ ዋጋ ነግራ ለጎረቤቷ በሶማሌኛ መልሳ እኔን "ነይ አንቺ ቆንጆ" አለችኝ፣ ትንፋሽ እንኳን ሳትወስድ።

ጊሽጣ ነበር የምትሸጠው። የአዲስ አበባ ሰው ጊሽጣ መምረጥ አያውቅም አለችና አንዱን አንስታ እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ። ፍሬው ላይ ያሉት እብጠቶች አሉ አይደል፣ በመሀላቸው ያለው ስንጥቅ ሰፋ ብሎ ነጣ ያለ ቢጫ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው፣ ስንጥቁ ከተዘጋ ገና ነው፣ ከጠቆረ ደግሞ አልፎበታል። በአውራ ጣት ጫን አታድርጊ፣ የምትጫኚው ሁሉ ነገ ይጠቁራል፣ በመዳፍሽ ያዥው ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ዛሬ የሚበላውን ለየብቻ፣ ነገ የሚበላውን ለየብቻ አድርጋ በሁለት ፌስታል ሰጠችኝ። ዋጋ ስከራከራት አልተቆጣችም፣ ሳቀችና ያው የጠራችውን አስከፈለችኝ። ባሌ ጊሽጣ አልወድም ሲል የኖረ ሰው ነው፣ እዛው ቆሞ ፍሬውን ከተማው መንገድ ላይ እየተፋ ሶስት በላ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆምን። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃ የለውም፣ ሰፊ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ያቋርጠዋል፣ አሸዋ የሚጭን አለ፣ ፕላስቲክ ግን በጣም በዝቶበታል እሱ ያሳዝናል። ዝም ብላችሁ ስታዩት ምንም አያስፈራም። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በቴሌቪዥን ያየሁት ትዝ ይለኛል፣ ግን ቦታውን ሳላየው ወንዝ ሞልቶ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እንደዛ አይደለም። እኛ ትናንት በ2ኛ ማርሽ የወረድነው ቁልቁለት ነው፣ እዛ ላይ የጣለው ሁሉ መውረጃው እዚህ ነው። ባጃጅ ነጂው የግንቡን ግድግዳ እያሳየን ከዛ በኋላ ነው የተሰራው አለን፣ ከዛ "እዚህ ጋ የኔ ክፍል ልጅ ቤት ነበረ" አለና ባጃጁን አስነሳ። ሌላ አልጠየቅነውም።

አሁን ባሌ ወደወደደው ነገር ልምጣ፣ ምድር ባቡር።

አሮጌው ጣቢያ ከዚራ መሀል ነው፣ ፊት ለፊቱ አደባባይ አለ፣ ህንፃው ላይ በፈረንሳይኛ የተፃፈው አሁንም አለ። እኔ ፎቶ ተነስቼ ልሄድ ነበር። በሩ ላይ የነበሩትን ሰው ባሌ ሰላም ብሎ ወሬ ጀመራቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰራተኛ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀረም መሰለኝ፣ ግን በየቀኑ ይመጣሉ። አስፈቅደውልን፣ ከፍለን፣ ወደ ወርክሾፑ ይዘውን ገቡ። ባሌ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ እዛ ሲገባ ፊቱ ተቀየረ። ቶርኖው፣ መበሻው፣ የባቡር ጎማ የሚስተካከልበት ማሽን፣ ሁሉም የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም በብረት ተለጥፎበታል፣ ቀበቶው ከጣሪያው እየወረደ። ሽማግሌው አንዱን ማሽን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ "ይሄ መለዋወጫ ከፓሪስ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ራሱ ይሰራዋል" አሉ። ከጎን ሊቶሪናዎቹ፣ ራሳቸው ሞተር ያላቸው የሰው ማመላለሻ ባቡሮች፣ ቆመዋል፣ ቀለማቸው ተልጦ፣ የአንዷ ወንበር ላይ ድመት ወልዳለች።

ሰውየው ሲያወሩ ፈረንሳይኛው መሀል መሀል ይገባል፣ ግን የሚያወሩት ታሪክ ድሬ ለምን እዚህ እንደተቀመጠች አስረዳኝ። ሚኒልክ የባቡሩን ስምምነት የሰጡት በፈረንጆቹ 1894 ነው፣ ስራው ከጅቡቲ በኩል 1897 ተጀመረ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ባቡሩ ሐረር ይገባል ብሎ ነው ምክንያቱም ንግዱ በሙሉ ሐረር ነበር። ግን ያንን ተራራ በሀዲድ መውጣት ወጪው አይቻልም ተባለ። ስለዚህ በ1902 (በኛ 1895 ዓ.ም) ባቡሩ ከተራራው ስር ቆመ፣ ቦታዋንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሏት። ከዛ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ የገባው በፈረንጆቹ 1917 ነው። ይታያችሁ፣ በነዛ ሁሉ አመታት ወደ መሀል ሀገር የሚሄድ ሰውም እቃም እዚህ ወርዶ ነው በቅሎና ግመል የሚፈልገው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም እዚህ አድሮ ነው የሚሳፈረው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ፣ ሁሉም ለአዳር መጥቶ ነው ሱቅ የከፈተው። ግሪክ ካምፕ የሚባል ሰፈር አሁንም አለ።

"ታዲያ እኛም እንደዛው ለአዳር ነው የመጣነው" አላቸው ባሌ። "አንድ አዳር?" አሉ ሽማግሌው፣ "አንድ አዳር ባቡር ሲበላሽ ነው።"

አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ከዚራ አይገባም። ሽማግሌው ስለሱ ክፉ አልተናገሩም፣ ፈጣን ነው አሉ በቃ። የድሮው የአዲስ አበባ መስመር ግን በቀስታ ስለሚሄድ በየጣቢያው ሰው ይበላ ይገበያይ ነበር፣ ባቡሩ ላይ የተዋወቁ የተጋቡ አሉ፣ እሳቸውም ሚስታቸውን ያገኙት እዛው ነው፣ ቲኬት ሳይኖራት ይዟት ሌላ ሰራተኛ ሊያስወርዳት ሲል። ይሄ ቦታ በደንብ ተጠርጎ እንደ ሙዚየም ቢያዝ ሰው ከአዲስ አበባ ለዚህ ብቻ ይመጣል፣ እኔ ስለ ማሽን ምንም የማላውቀው እንኳን ከዛ ለመውጣት ባሌን አላጣደፍኩትም። አቧራው ግን ያሳዝናል።

ከዛ ስንወጣ ፀሀዩ አናታችን ላይ ነው። ባሌ በስልኩ ላይ የፃፈው ፕሮግራም ነበረው፣ ታይዋን ገበያ፣ ከዛ ምሳ፣ ከዛ የሆነ ዋሻ፣ ከዛ ወደ ሐረር። ባጃጅ ፈለግን የለም። ሱቅ ተዘግቷል፣ ሱቅ ተዘግቷል፣ ሱቅ ተዘግቷል። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? አንድ ዘበኛ ዛፍ ስር ተጋድሞ ነበር፣ ታይዋን በየት ነው ስንለው ዓይኑን ሳይገልጥ "አሁን? አቦ ግቡና ተኙ" አለን። ድሬ እንደዚህ ናት፣ ከሰአት በኋላ ትዘጋለች፣ የሚተኛው ይተኛል የሚቅመው ይቅማል፣ ስራ ያለው በጠዋት ጨርሶታል። ባሌ ተናዶ ነበር፣ ይሄ ህዝብ መቼ ነው የሚሰራው ምናምን አለ፣ እኔ ግን ጎዳናው ላይ አስር ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ ምን አይነት ብልህ ህዝብ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። በዛ ፀሀይ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፌስቡክ ከማየት መተኛት ይሻላል።

ተኛን። ባሌ ቀን መተኛት ለህመምተኛ ነው የሚል ሰው ነው፣ ያ የሚጮህ ቬንትሌተር ስር እስከ 10 ሰአት አልተነሳም። ሲነሳ ፕሮግራሙን ስልኩ ላይ ከፍቶ አየው፣ ከዛ ዘጋው። ለሙሽራው ደውዬ ነገ እንመጣለን ልበለው አልኩት፣ በይው አለኝ። ዋሻውን አላየነውም። ጥንታዊ ሰዎች የኖሩበት ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ነው፣ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ተራራ መውጣት ስላለው ግን በጠዋት ካልሆነ አይሞከርም።

ማታ ወደ ታይዋን ገበያ ሄድን፣ ከተማዋ እንደ አዲስ ተነስታለች። ታይዋን ሽቶው፣ ብርድ ልብሱ፣ የወተት ዱቄቱ፣ ጫማው፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ በኩል የሚመጣው ነገር ሁሉ ያለበት ነው። ኮንትሮባንድ ነው አይደለም የሚለውን ለመንግስት ትቼዋለሁ፣ ግን ብዙ የምትሸምቱ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ መንገድ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ እንዳለ አስቡ። ባሌ ሽርጥ ገዛ። ሻጩ ሃያ አመት የማይሞላው ልጅ ነው፣ ሽበት ያለውን ባሌን "አንተ፣ ና ወዲህ፣ እንዲህ አይደለም የሚታሰረው" ብሎ ወገቡ ላይ እያዞረ አሰረለት። ባሌ በ"አንተ" ደነገጠ፣ አዲስ አበባ ቢሆን ጥል ነው። ቆይቶ ስናይ ግን ልጁ የራሱን አያት የሚያክሉትንም ሴትዮ "አንቺ" ነው የሚለው፣ እሷም ትስቃለች፣ እዚህ አንተ ማለት መናቅ አይደለም። ባሌ ሽርጡን እዛው ሱሪው ላይ እንዳሰረ ነው ያመሸው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ራት መጋላ በላን፣ ሩዝ ላይ የተዘረገፈ የፍየል ስጋ፣ ሀኒድ ይሉታል፣ ስጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል፣ ከጎኑ ሙዝ ያመጡላችኋል። ሙዙ ለምን መጣ ብዬ ወደ ጎን አስቀመጥኩት፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ "ከሩዙ ጋር ነው" አሉኝ፣ ከሩዙ ጋር ሞከርኩት፣ እውነታቸውን ነው። ጠዋት ደግሞ ፈጢራ አለ፣ ስስ ሊጥ ተጣጥፎ ውስጡ እንቁላል፣ ከላይ ማር። እሱን ሁለት ጠዋት በላሁ፣ በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ብቻዬን ነው የጨረስኩት። ሆጃም ጠጣሁ፣ ከቡና ገለፈት ከወተት ጋር የሚፈላው፣ ደስ ይላል ግን ቡና ሱስ ላለበት ሰው ቡና አይተካም።

ከራት በኋላ የባጃጅ ነጂያችን (ስልኩን ይዘን ስለነበር የኛ ሆኗል) ጓደኞቹ ጋ በርጫ ላይ ጠራን። እኛ አንቅምም፣ ሻይና ውሃ ይዘን ተቀመጥን፣ ማንም አላስገደደንም። ስለ ዘፋኙ አሊ ቢራ አወሩ፣ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ በ2015 ዓ.ም ሲያርፍ ከተማው እንዴት እንደነበረ። ድሬ የፍቅር ከተማ ናት የሚባለው እውነት ነው ወይ አልኳቸው፣ ዝም አሉ መጀመሪያ። አንዱ "ነች" አለ፣ ሌላኛው "ነበረች" አለ፣ በቅርብ አመታት የነበሩትን ግጭቶች አነሱ፣ ሰፈርና ሰፈር የተፈራራበትን ጊዜ፣ የኑሮ ውድነቱን፣ ከባቡሩ ጋር የሄደውን ስራ። ከዛ ተከራከሩ፣ በሶስት ቋንቋ፣ እኔ ግማሹን አልሰማሁም። "ነበረች" ያለው ልጅ እና "ነች" ያለው አንዱ ኦሮሞ አንዱ አማራ ናቸው፣ ጎን ለጎን ነው ያደጉት፣ አንዱ የሌላውን ጫት እያነሳ ነው የሚከራከረው። እኔ ሁለቱንም አመንኳቸው። ለመጎብኘት የመጣ ሰው በአንድ ማታ ዳኛ አይሆንም።

በማግስቱ ስንወጣ ለሰርገኛው ሙሸበክ በካርቶን ገዛን፣ ያ ብርቱካናማ ጣፋጩ፣ የተጠማዘዘው፣ ስትነክሱት ማሩ ወደ አገጫችሁ የሚወርደው። ቁልቁለቱ አሁን ዳገት ሆነ፣ ደንገጎ ስንደርስ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ሐረማያ ሀይቅ ጋ ባሌ ራሱ መኪናውን አቆመ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ይመዝገብልኝ። ሀይቁ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር እኮ፣ ከስንት አመት በኋላ ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም። እዛ ቆመን ካርቶኑን ከፈትን፣ ለቅምሻ ነበር።

ሐረር ስንደርስ ሙሽራው ካርቶኑን ተቀብሎ ከፈተው፣ ውስጡን አየ፣ እኛን አየ። ስለ ሙሸበኩ ምንም አላለም። "የት ነው ያደራችሁት?" አለ። ሆቴል አልነው። "ድሬ ላይ ሆቴል?" ከዛ ስልኩን አወጣና ደወለ፣ ለካ አክስቱ ከዚራ ነው ያለችው፣ እኛ ማታ የሄድንበት መንገድ ላይ። አክስቱ በስፒከር ተቆጣችን፣ በደንብ አድርጋ፣ ባሌን አንተ እያለች፣ ሰው እያለ ሆቴል የምታድሩ እናንተ ምን አይነት ሰዎች ናችሁ አለች፣ ስትመለሱ እኔ ጋ ካላደራችሁ በዚህ መንገድ አታልፉም አለች። ባሌ እሺ እሺ እሺ አለ፣ ከዛ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ቶሎ ብሎ "ኤሲ አለ?" አላት።

"ህዳር እኮ ነው አቦ" አለችው።